ቍጥር የወረሰ ዛፍ

የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው አዲስ ዘዴ እንዲፈልግ ዘወትር ይመከራል፤ ፈልጎ ያገኘው ሠራተኛ ታሪክ ግን እምብዛም አይነገርም። ከነዚህ ታሪኮች አንዱን ለማስታወስ ቡናዋ በስሟ ወደሚሸጠው ወደ ኢዲዶና በዙሪያዋ ወዳለው የጌዴኦ አገር መሄድ ይበቃል።

በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። በሽታው አስቀድሞ በ1922 በኬንያ የታወቀ ሲሆን፣ ፍሬውን ገና በእንጭጩ እያጠቈረ ያረግፈዋል። በኬንያ የተለመደው መከላከያ መድኃኒት መርጨት ነበር። የጎረቤትን መመሪያ ገልብጦ ለየጠቅላይ ግዛቱ ማስተላለፍ ለማንኛውም መሥሪያ ቤት ቀላል ነው፤ ወቀሳም አያስከትልም። ይሁን እንጂ በጫካና በጓሮ ለበቀለው ቡና ሁሉ የሚረጨው መድኃኒት በማን ገንዘብ ይገዛ ነበር?

የጅማ እርሻ ምርምር ጣቢያ ሠራተኞች፣ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በኩል ከመጡት እንደ ራውል ሮቢንሰን ካሉት ባለሙያዎች ጋር ሆነው፣ ነገሩን በሌላ በኩል ተመለከቱት። የኢትዮጵያ ቡና ዛፉ ከዛፉ የተለያየ ስለሆነ፣ ጎረቤቶቹ ባዶ ሲቀሩ ፍሬውን ይዞ የሚቆም አይጠፋም። ስለዚህ በሽታው ወደ በረታባቸው ቦታዎች ሄደው ጤነኛውን ዛፍ እየፈለጉ ዘሩን ሰበሰቡ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ የተደረገው ነው። ቡና ለማፍራት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ፈተናው እስኪያልቅ ቢጠበቅ ገበሬው ያልቅበታልና፣ ፈተናውንና ማባዛቱን ባንድነት ጀመሩ። ችግኙን በለጋነቱ በሽታውን እያስያዙ መረመሩት፤ ያልቻለው ዘር ይነቀላል፣ የቻለው ይቀራል። ለሚነቀል ችግኝ አስቀድሞ ገንዘብ መፍቀድ ሒሳብ ተቈጣጣሪን ሳያስጨንቅ አይቀርም። ቢሆንም በሽታው በታየ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ መቱ አካባቢ ከኢሉባቦር የተመረጡት 74110ና 74112 ለገበሬ ደረሱ።

ጌዴኦ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረበት። የይርጋ ጨፌ ቡና የሚፈለገው በጣዕሙ ነው፤ ፍሬው ደቃቃ የሆነው ኩሩሜና ፍሬው ተለቅ ያለው ወሊሾ የአገሩ ዘሮች ናቸው። የምዕራቡ ዘር እነዚህን ቢተካ ጣዕሙስ? በ1990ዎቹ ተመራማሪዎቹ በመልካም የተሳካውን የራሳቸውን ሥራ እንደገና መረመሩት፤ ይህም የከሸፈን ሥራ ከመመርመር ይከብዳል። እያንዳንዱ አካባቢ ከገዛ ቡናው የተመረጠ ዘር እንዲያገኝ ተወሰነ። በይርጋ ዓለም አጠገብ የሚገኘው የአዋዳ ጣቢያም ለሲዳማና ለጌዴኦ ምድር አንገፋን የመሳሰሉ ዘሮች አወጣ።

ዛሬ በጌዴኦ ጓሮዎች ኩሩሜና 74110 በአንድ የእንሰት ጥላ ሥር ይለቀማሉ። ሮቢንሰን ታሪኩን በመጽሐፍ ጽፎታል። ዘር ፍለጋ በየጫካው ለዞሩት ሠራተኞቻችን ግን ለብዙዎቹ የቀረላቸው የዛፉ ቍጥር ነው፤ እርሱም ዘሩ የተመረጠበትን 1974ን ይናገራል እንጂ የመረጠውን ሰው አይናገርም።