ወገኑ የጠፋበት አዳፒስ

«ስም ከመቃብር በላይ ነው» እንላለን። አዳፒስ የተባለው ጥንታዊ እንስሳ ግን ስም ከወጣለት በኋላ እንኳ ወገኑ ሳይታወቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎበታል።

ነገሩ የሚጀምረው ፓሪስ ውስጥ ነው። በሞንማርትር ኮረብታ ጀሶ ሲቆፈር ይወጣ የነበረውን አጥንት ያጠና የነበረው ዝነኛው የሥነ አካል ሊቅ ዦርዥ ኩቪየር ነው። ኩቪየር አንድ አጥንት ወይም ጥርስ ከተሰጠው የእንስሳውን ዓይነት አውቃለሁ ባይ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ተሳክቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1821 ግን የተሰባበረ የራስ ቅልና መንጋጋ ደርሶት «አዳፒስ» ብሎ ሰየመውና ዝሆንን፣ አውራሪስንና አሳማን ካሰባሰበበት ከወፍራም ቆዳዎቹ ጎራ መደበው።

አይፈረድበትም። በዘመኑ የጦጣ ዘመድ የሆነ ቅሪተ አካል ገና አልታወቀም፤ ያልጠበቁትን ማየት ደግሞ ለሊቅም ይከብዳል። ኩቪየር በ1832 ሲሞት፣ ከሰው የሩቅ ዘመዶች አንዱን በእጁ ይዞ እንደነበር አላወቀም።

ስህተቱ የታረመው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በኬርሲ የፎስፌት ጉድጓዶች የተሻለ የራስ ቅል ከተገኘ በኋላ ነው። በ1873 ዴልፎርትሪ የተባለ አጥኚ ቅሉን ከማዳጋስካሩ ሌሙር ጋር አመሳስሎ «ጥንታዊ ሌሙር» የሚል ስም አወጣለት። ብዙም ሳይቆይ ይህና የኩቪየር አዳፒስ አንድ ወገን መሆናቸው ታወቀ። የስያሜ ሕግ ለቀደመው ያደላልና የኩቪየር ስም ጸና፤ ምደባው ግን ፈረሰ።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። ከጀርመን የሜሰል ጉድጓድ በ1983 የወጣች፣ 47 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች የዚሁ ወገን እንስሳ በግንቦት 2009 ኒው ዮርክ ላይ በታላቅ ሆይ ሆይታ ቀረበች። ሳይንሳዊ ስሟ ዳርዊኒየስ፣ የቁልምጫ ስሟ አይዳ ነው። ሌሙሮች ፀጉራቸውን የሚያበጥሩበት ማበጠሪያ መሰል የታች ጥርስ ስለሌላት፣ አጥኚዎቿ ወደ ጦጣና ሰው መስመር አስጠጓት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ግን ኤሪክ ሳይፈርትና ባልደረቦቹ በግብፅ ፋዩም የተገኘውን የ37 ሚሊዮን ዓመቱን አፍራዳፒስ ይዘው፣ የ117 የሞቱና በሕይወት ያሉ ዝርያዎችን 360 የአካል ምልክቶች አነጻጸሩ። ጦጣ የሚያስመስሏቸው ምልክቶች ከጋራ አያት የተወረሱ ሳይሆኑ ለየብቻ የበቀሉ ሆነው ተገኙ፤ ወገኑም ተመልሶ ወደ ሌሙር ጎራ ገባ። ዛሬም አብዛኞቹ አጥኚዎች የሚስማሙት በዚሁ ነው።

ኩቪየር ዘመዱን ከአሳማ ጋር ቆጠረ፤ የ2009ዎቹ ደግሞ የጎን ዘመድን አያት ለማድረግ ቸኮሉ። ሁለቱንም ያረመው ሌላ አጥንትና ትዕግሥት ነው።