ጓሳን ያቆየው ሕግ

እህቶቼ፣ የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የፋብሪካ ጭስና መኪና ነው። እውነት ነው፣ ዋናው ጉዳት ከነዳጅ ነው የሚመጣው። ግን የግጦሽ መሬትም ድርሻ አለው። ሣር ከአየር የሚወስደውን ካርቦን በሥሩ በኩል አፈር ውስጥ ያስቀምጣል። ከብት ያለ ዕረፍት ከጋጠው ሥሩ ይደክማል፣ አፈሩ ይራቆታል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፤ ካርቦኑም ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል።

ይህን ሳይንስ ሳይሰሙ ሣር ያቆዩ ሰዎች አገራችን ውስጥ አሉ። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ፤ ከፍታው ከ3200 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ የሚነሱ ምንጮች ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም ይወርዳሉ። ጓሳ የሣሩም ስም ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል።

እንደሚነገረው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ልጆች አለቃ እየመረጡ ይጠብቁት ነበር። ቦታው ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። በዝግ ጊዜ ያጨደም ከብት የነዳም ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይዘጋል።

ሕጉ እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። መብቱ የዘሩ ተወላጆች ብቻ ስለነበር ሌላው ጎረቤት ቆሞ ያይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ያ ልዩነት ቀረ። ግን የአለቆቹ ሥልጣንም አብሮ ስለቀረ ግጦሹና አጨዳው በዛ፣ ሣሩ ተጎዳ። ኋላ ነዋሪዎቹ በየቀበሌው ተወካይ መርጠው ጥበቃውን እንደገና አቋቋሙት፤ አሁን ያለው ጓሳ በዚህ ነው የተረፈው።

በአረብ አገሮችም «ሒማ» የሚባል ጥንታዊ የግጦሽ ጥበቃ አለ። እዚህም በባለፈው መቶ ዓመት የጎሳው ሥልጣን ሲዳከም ብዙው ሒማ ፈረሰ። ሁለቱም ቦታ የሆነው አንድ ነው፤ ጠባቂ ሲጠፋ ሣርም ይጠፋል።

ይሄ እኛን ምን አገባን? ብር ስንልክ «ላም ግዙበት» እንላለን። ላሟ የምትበላው ግን የጋራውን ሣር ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ባንቀመጥም መንጋውን ከሚያበዙት አንዱ የኛ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ስንደውል ዋጋዋን ብቻ አንጠይቅ፦ ግጦሹ መቼ ነው የሚዘጋው? ማን ነው የሚጠብቀው? መልስ ከሌለ፣ ከሁለት ላም ይልቅ አንድ ላምና መኖ ይሻላል።