ውፍረትና የደም ግፊት በአረጋውያን፦ ከፍራሚንግሃም እስከ አዴት

በጎጃም ገጠር የሰውነት መሙላት ለረጅም ዘመን የድሎትና የጤንነት ምልክት ሆኖ ሲታይ ኖሯል። ሰው ሲወፍር «ደላው» ይባላል፤ ሲከሳ ግን «ምን ነካው?» ተብሎ ይታዘንለታል። ረሀብንና ወባን በሚያውቅ አገር ይህ አመለካከት መሠረት አለው። ስለዚህ ውፍረት ለበሽታ ይዳርጋል የሚለው ትምህርት በአዛውንቶች ዘንድ በቀላሉ ተቀባይነት ባያገኝ አያስደንቅም።

በሕክምናው ዓለምም ቢሆን ዕውቀቱ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ የሚታሰረውን የግፊት መለኪያ ያስተዋወቀው በ1896 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ በ1905 የደም ሥርን ድምፅ በማዳመጥ የላይኛውንና የታችኛውን ግፊት መለየት እንደሚቻል አሳየ። በ1948 በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ የተጀመረውና 5,209 ሰዎችን የተከታተለው ጥናት ደግሞ ክብደት ሲጨምር የደም ግፊትም የመጨመር ዕድሉ ከፍ እንደሚል በ1967 ገለጸ። ትርፍ ስብ የነርቭ ሥርዓትንና ሆርሞኖችን በማነሣሣት ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ያደርጋል፤ በእርጅና ላይ ደግሞ የደም ቧንቧዎች ስለሚደድሩ በተለይ የላይኛው ግፊት ይጨምራል።

በስተርጅና ክብደት መቀነስ ይጠቅማልን? «ቶን» የተባለውና በ1998 የታተመው ጥናት ከ60 እስከ 80 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ታካሚዎች አሳትፎ፣ ክብደትን በጥቂት ኪሎ መቀነስና ጨው ማሳነስ የመድኃኒትን አስፈላጊነት እንደሚቀንሱ አረጋገጠ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ሲያሳይ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው ግን ከመቶ 6 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህ ልዩነት ለጤና ባለሙያ ትልቅ ትምህርት ነው። ውፍረት ግፊትን ያባብሳል፤ ቅጥነት ግን ከግፊት ነጻ መሆንን አያረጋግጥም።

እንግዲህ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ በምትገኘው በአዴት ወይም በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የምንሠራ ባለሙያዎች፣ ለሌላ ሕመም የመጡትን ከሲታ አዛውንት ገበሬ ግፊታቸውን ሳንለካ ልንሸኛቸው አይገባም። በእርጅና ጡንቻ እየሳሳ ሆድ ሊተልቅ ስለሚችል ሚዛን ብቻውን አይበቃም፤ ወገብንም መለካት ይጠቅማል። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ መጠቀም ግፊቱን ከእውነተኛው አብልጦ ስለሚያሳይ፣ ማሰሪያው በክንዱ ልክ ይሁን። ለተጎሳቆሉ አረጋውያን ደግሞ «ይክሱ» ብሎ መምከር ጉዳት ነው። ጨው እንዲያሳንሱ፣ እንዲንቀሳቀሱና የታዘዘላቸውን መድኃኒት እንዳያቋርጡ መምከር ግን በአገራችን በየትኛውም ጤና ኬላ የሚቻል ተግባር ነው።