ሕመም የማያውቅ እግር፤ ከሥጋ ደዌ ወደ ስኳር በሽታ የተሻገረ ትምህርት

ቦሩ ሜዳ በታሪክ መጻሕፍት ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ስፍራ በመሆኑ ነው። በሕክምናው ዘርፍ ግን ይህ ከደሴ አጠገብ የሚገኝ ሜዳ ስሙ የሚነሣው ለብዙ ዓመታት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም በኖረው ሆስፒታሉ ነው። ሆስፒታሉ ከጊዜ በኋላ ለሌሎች በሽታዎችም በሩን ከፍቷል። የቀደመ ሥራው ያስተማረው ቁም ነገር ግን ዛሬ ለስኳር ሕመምተኛ በእጅጉ ያስፈልጋል።

ሁለቱ በሽታዎች በመነሻቸው አይገናኙም። ሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘ። የስኳር በሽታ በአንጻሩ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ወይም በኢንሱሊን በሚገባ መጠቀም ሲሳነው፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በማለፉ የሚከሠት ነው። ይሁንና አንደኛው በባክቴሪያ፣ ሁለተኛው ለዓመታት ከልክ ባለፈ ስኳር የእግርን ነርቭ ይጎዳሉ። የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው።

የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ጣቱን የሚያጣው በሽታው ራሱ ሥጋውን ስለሚያበሰብሰው ነው ተብሎ ለረዥም ዘመን ሲታመን ኖሯል። ይህን እምነት በማፍረስ ረገድ ከፍተኛ ድርሻ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በደቡብ ሕንድ በቬሎር ሥራ የጀመረው እንግሊዛዊ ቀዶ ጠጋኝ ፖል ብራንድ ነው። ብራንድ የእያንዳንዱን ቁስል መነሻ ሲመረምር ያገኘው የጋለ ድስት፣ ጠባብ ጫማና ያልታየ ሚስማር ነበር። ሌሊት ጣታቸውን አይጥ የበላባቸው ሕሙማን እንኳ ስለነበሩ፣ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ድመት ይዘው እንዲሄዱ እስከማድረግ ደርሶ ነበር። ሥጋው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የጠፋው ጠባቂው፣ ማለትም ሕመሙ ነበር።

ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ሉዊዚያና፣ ካርቪል ወደሚገኘው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተዛወረ። በዚያም ከባልደረቦቹ ጋር የእግርን ግፊትና ሙቀት በመሣሪያ ሲለካ ጉዳዩ የምሕንድስና መልክ ያዘ። እንደ ብራንድ ትንተና ስሜት የሌለው እግር በሦስት ዋና ዋና መንገዶች ይቆስላል። አንደኛው፣ ጠባብ ጫማ ለብዙ ሰዓት በሚያሳድረው አነስተኛ ግፊት ደም እንዳይዘዋወር ሲያግድ ነው። ሁለተኛው፣ እንደ ሚስማር ያለ ነገር ከፍተኛ ኀይልን በጠባብ ስፍራ ላይ ሲያሳርፍ ነው። ሦስተኛው፣ መካከለኛ የሆነ ጭነት በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ በአንድ ስፍራ ላይ ሲመላለስ ነው። የብረትን ድካም ለሚያውቅ መሐንዲስ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለምሳሌ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ቢቆምና ክብደቱ በ100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ እኩል ቢያርፍ፣ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.7 ኪሎ ግራም ይሸከማል። የእግሩ ቅርፅ ተበላሽቶ ክብደቱ በ10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ብቻ ቢያርፍ ግን ጭነቱ 7 ኪሎ ግራም ይሆናል። ጤነኛ ሰው ሕመም ስለሚሰማው አረማመዱን ይለውጣል፤ ስሜት ያጣው ሰው ግን በቁስሉ ላይ መራመዱን ይቀጥላል። ለሥጋ ደዌ ቁስል ያገለግል የነበረው፣ ክብደትን በመላው እግር ላይ የሚያከፋፍለው የጄሶ ጫማ ለስኳር ሕመምተኛም የዋለው ስለዚህ ነው። የ10 ግራም ኀይል ሲያርፍበት የሚጎብጠው የናይሎን ክር መመርመሪያም የዚሁ ጥረት ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የካርቪል ባለሙያዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ ክር ውስጥ እግሩን ሲነካው የማይሰማው ሰው ለቁስል የተጋለጠ መሆኑን አመለከቱ።

የመድኀኒቶቹ ታሪክም ይመሳሰላል። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1922 በካናዳ ቶሮንቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ሲሰጥ ሞትን አስቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው የጥምር መድኀኒት ሕክምናም ሥጋ ደዌን የሚድን በሽታ አደረገው። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱም ፈጽሞ የሞተ ነርቭን አያስነሣም። ስለሆነም በሽተኛው የጠፋውን ሕመም በዐይኑና በእጁ መተካት ይኖርበታል።

ይህ ትምህርት ለወሎ ሰው ቅርብ ነው። በደሴ ብርድ እግሩን ወደ ምድጃ የሚያስጠጋ፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ፣ በባዶ እግሩ ወይም በበረባሶ ጠጠር ላይ የሚሄድ የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ ለአደጋው የተጋለጠ ነው። ማታ ማታ ውስጥ እግሩን በመስተዋት ወይም በቤተሰብ ዐይን ማስመርመር፣ ጫማውን ሳያራግፍ አለማጥለቅ፣ የውሃውን ሙቀት በእግሩ ሳይሆን በክርኑ መለካት፣ ቁስል ሲያይ ባያመውም ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል። ጫማው ሰፊና ሶሉ ለስላሳ እንዲሆን ማድረግ ደግሞ የጫማ ሠሪውና የመሐንዲሱ ድርሻ ነው። ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጭነቱ የት እንደሚያርፍ ለይቶ ማወቅን ነው።