ከደጅ ጥናት እስከ ፈተና፦ ከቢቸናና ከሞጣ ወደ ማዕከሉ የሚያስገባው በር

አንድ የፌደራል መሥሪያ ቤት «ወጣት ምሩቃንን አወዳድሬ በሥራ አመራር አሠለጥናለሁ» ብሎ ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ያለ ምሩቅ ከዘመድ ወዳጅ በመጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ ስለ መመዘኛው አይደለም። «እዚያ ማን አለህ?» የሚል ነው። ልጁ ዲግሪ አለው፣ ነጥቡም ጥሩ ነው። አባቱና አጎቱ ግን የሚጠይቁት ስለ ሰው ነው።

ይህን ጥያቄ የስንፍና ወይም የሐሜት ልማድ አድርገው የሚያዩት አሉ። የአካባቢውን ታሪክ ላየ ግን ጥያቄው ከልምድ የተገኘ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በፈተና እቀጥራለሁ ካለ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት የምሥራቅ ጎጃም ሰው ያየው አንድ ነገር አለ፦ ፈተናው ለጸሐፊው ወንበር ይሠራል፣ ጸሐፊውን ለሚያዘው ወንበር ግን አይሠራም።

ሁለት የቆዩ መንገዶች

በድሮው ሥርዓት ሥራ የሚጠየቀው በማመልከቻ ሳይሆን በደጅ ጥናት ነበር። ሹመት የፈለገ ሰው ስንቁን ጭኖ ይሄድና ከጌታው ደጅ ይሰፍራል። አጋፋሪው እንዲያስገባው፣ ባለሟሉ ስሙን እንዲያነሳለት ወራት ይጠብቃል፤ ዓመታት የሚጠብቅም ነበር። ይህ የተደበቀ ብልሹ አሠራር አልነበረም። የታወቀ ሥርዓት ነበር። ጌታው ሰውየውን በቅርብ እያየ ታማኝነቱን ይመዝንበታል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚመዘነው ታማኝነት እንጂ ችሎታ አይደለም። ሁለተኛ፣ ስንቅ የሌለው ሰው ደጅ መጥናት አይችልም። ያለውን ጨርሶ የተሾመ ሰው ደግሞ ወጪውን የሚመልሰው ከተሾመበት አገር ሕዝብ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው የሹሙ ሆድ ነው፤ ሹሙ ወደ ወንበሩ የመጣበት መንገድ ግን ይረሳል።

እዚያው ጎጃም ውስጥ ሌላ መንገድም ነበር። ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ፣ እንዲሁም ጎንጅና ዋሸራ በቅኔ ትምህርታቸው የታወቁ ናቸው። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ቁራሽ ለምኖ እያደረ ይማራል። ቅኔውን ግን የሚናገረው በጉባኤ፣ ከየኔታውና ከጓደኞቹ ፊት ነው። ቤቱ ቢሰበር ሁሉም ይሰማል፣ ቢሰምርም ሁሉም ይሰማል። የባላባት ልጅና የድሀ ልጅ በአንድ ጉባኤ ይቀመጣሉ፤ መምህሩም አንዱን ለማድላት ቢፈልግ በአደባባይ ማድላት ይኖርበታል። ፈተና የሚታመነው እንዲህ ሲሆን ነው። የቅኔ ቤቱ ዳኝነት የተከበረው መምህሩ ስለማይሳሳት ሳይሆን ፍርዱን ሁሉም ሰምቶ ሊመዝነው ስለሚችል ነው።

የጎጃም ሰው እንግዲህ ሁለቱንም መንገዶች አስቀድሞ ያውቃቸው ነበር። የመንግሥት ሥራ የተሰጠው ግን ለብዙ ዘመን በመጀመሪያው መንገድ ነው።

ደንቡ ሲጻፍ

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የሥራ ክፍሎቹ ስም ዘመናዊ ነበር፣ የሹመቱ መንገድ ግን አልተለወጠም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መሥሪያ ቤቶቹ በዙ። በ1940ዎቹ አጋማሽ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ የመንግሥት ሠራተኞችን ማሠልጠን ጀመረ።

ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1954 ነው። ዓመቱ የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ድንጋጤ ገና ያልወጣበት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም የተመረቀበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ቁጥር 23 ተቋቋመ። ቅጥርና ዕድገት በችሎታና በውድድር እንዲሆን የሚያዝ ደንብም ተከተለ። በወረቀት ላይ ደጅ ጥናት ያኔ አበቃ።

በዚያው ዘመን በሥራ ላይ የነበረው የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ግን ባለሥልጣናትን የመሾም፣ የማዛወርና የመሻር ሥልጣን የሰጠው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ተፈትኖ ሲገባ፣ ጠቅላይ ግዛቱንና አውራጃውን የሚያስተዳድረው ሰው የሚመጣው በቤተ መንግሥት ውሳኔ ነው። ቢቸናና ሞጣ ያኔ እያንዳንዳቸው አውራጃ ነበሩ። ሕዝቡ ከመንግሥት ጋር የሚገናኘው ደግሞ በአውራጃው ገዥ፣ በግብር ሰብሳቢውና በዳኛው በኩል ነው። አዲስ አበባ ያለው የፈተና ወረቀት ለገበሬው ያመጣለት ለውጥ አልነበረም።

ቢቸና ይህን ጉዳይ ቀደም ብሎም አይታው ነበር። አርበኛው በላይ ዘለቀ ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሎ የቢቸና ገዥ ሆነ። ከእሱ ያነሰ የተጋደሉ ሰዎች ከፍ ያለ ሹመት አገኙ የሚለው ቅሬታ ከመንግሥት ጋር ካጋጩት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ይነገራል። ፍጻሜው በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ስቅላት ሆነ። በአካባቢው ሰው ትውስታ ውስጥ «ማን ተሾመ፣ በምን ተሾመ?» የሚለው ጥያቄ ደም ያለበት ጥያቄ ነው።

1960፦ ሞጣና ቢቸና መልስ ሲሰጡ

ደንቡ ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ አዲሱ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በሐሳብ ደረጃ መጥፎ አዋጅ አልነበረም፤ በአሥራት ፈንታ በገቢ መጠን ማስከፈል የዘመናዊ መንግሥት አሠራር ነው። ግን በጎጃም ገበሬ ዓይን ምርት ገማቹ መሬት ለካ ማለት ነው፤ መሬት ከተለካ ደግሞ ርስት ይነካል። ሞጣና ቢቸና የአመፁ ዋና ማዕከሎች ሆኑ። ገማቾቹ ተባረሩ፣ ግጭቱ ወደ ጦርነት አደገ፤ መንግሥትም ጦር ልኮ ከአውሮፕላን ጭምር ደበደበ።

አመፁን በግብር ብቻ መተርጎም ግን ግማሹን መተው ነው። የገበሬው አቤቱታ በሹሞቹም ላይ ነበር። በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ዘመን የተጣሉ መዋጮዎችና የጦር መሣሪያ ምዝገባው ሕዝቡን አስመርረውት ነበር። ከሌላ ቦታ ተሹመው የመጡ ባለሥልጣናት እንዲነሱለትም ጠየቀ። ገበሬው የጠላው ግብሩን ብቻ ሳይሆን ግብሩን ይዞ የመጣውን ሰውና ሰውየው የመጣበትን መንገድ ነበር። የታመነ ሹም ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያው አዋጅ ሌላ ሰሚ ያገኝ ነበር።

በመጨረሻ መንግሥት አፈገፈገ። ጠቅላይ ገዥው ተነሳ፣ ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተካ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ደጃዝማች ፀሐዩ ግን ለፍርድ አልቀረበም። ወደ ከፋ ተዛወረ። በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ የጅማ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ እንዲነሳ ከጠየቃቸው ባለሥልጣናት አንዱ እሱ ነበር። በአንድ ቦታ የወደቀን ሹም ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ጎጃም ላይ ያልተከፈለውን ሒሳብ ለጅማ አሻገረው።

በሩ ስሙን ሲለውጥ

ከአብዮቱ በኋላ ጌታ ቀረ፣ ደጁ ግን አልቀረም። በደርግ ዘመን፣ በተለይም ኢሠፓ በ1977 ከተመሠረተ ወዲህ፣ ወደ ከፍተኛ የኃላፊነት ቦታ የሚያደርሰው የፓርቲ አባልነት ሆነ።

በኢሕአዴግ ዘመን በ1987 የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ በየክልሉ የሰው ኃይል ጉድለትን ለመሙላት ብዙ ሠርቷል። ነገር ግን የሚገቡት ክልሎች መርጠው የላኳቸው ሰዎች ነበሩ። እጩነት የጀመረው ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ወረዳው ውስጥ ደግሞ «ማን አለህ?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በ1994፣ በ1999፣ በ2010 እና በ2017 እየታደሰ ወጥቷል። በየአዋጁ ውስጥ ውድድርና ብቃት የሚሉት ቃላት አሉ። የጎደለው የቃላት ጉዳይ አይደለም።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ተኩሶ የገደለው ሰው የመንግሥት ሹመት ደጅ ሲጠና ከርሞ ያጣ ሰው ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በፈተና መቅጠርን የሚያዘው የፔንድልተን ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶችን አወዳድሮ በፌደራል መሥሪያ ቤቶች ለአመራር የሚያዘጋጅ የፕሬዚዳንቱ ፕሮግራም ተጀመረ። ወደ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ.፣ በአንድ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ተዘጋ። ውድድር የተተከለበት አገር እንኳን ከላይ ያለው ወንበር ካልጠበቀው ነገ ሊነቀል ይችላል።

ዛሬ ከሞጣ ማመልከት

አሁን ደጅ ጥናቱ ወደ ኢንተርኔት ተዛውሯል። ማስታወቂያው በድረ ገጽና በቴሌግራም ይወጣል፣ ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፣ ቀነ ገደቡ አጭር ነው፣ ፈተናው አዲስ አበባ ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ቀላል ነው። ከነሐሴ 2015 በኋላ በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መንገድም በየጊዜው ይዘጋል። ማስታወቂያው ወጥቶ እስኪዘጋ ድረስ አንድም ጊዜ ያላየው ሰው ተወዳድሮ አልወደቀም። ለውድድሩ አልተጠራም።

ድሮ ስንቅ የሌለው ደጅ አይጠናም ነበር። ዛሬ ኔትወርክ የሌለውና የአውቶቡስ ገንዘብ ያጣው ያው ሰው ነው። የሚያሳዝነው ማንም ሆን ብሎ ባያስቀረውም መቅረቱ ነው። ፌደራል መሥሪያ ቤቱም «ውድድሩ ክፍት ነበር» ብሎ በእውነት መናገር ይችላል።

መፍትሔው ሌላ አዋጅ አይደለም፤ ከቅኔ ቤቱ መማር ይበቃል። ማስታወቂያው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳም ይለጠፍ። ፈተናው ደብረ ማርቆስ ላይም ይሰጥ፤ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ አዳራሽ አለ። ውጤቱ ከነነጥቡ በአደባባይ ይለጠፍ፣ የወደቀውም የወደቀበትን ይወቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወጣቱን የሚፈትነው ኃላፊ ራሱ በምን መመዘኛ ያን ወንበር እንዳገኘ ሕዝብ ይወቅ። ይህ የመጨረሻው እስካልሆነ ድረስ ሌሎቹ ሦስቱ የ1954ቱን ደንብ መድገም ናቸው፦ ከታች ፈተና፣ ከላይ ደጅ ጥናት።

የሞጣና የቢቸና ገበሬ በ1960 ያለው ይህንኑ ነበር። ያኔ የሚሰማው አጥቶ በጠመንጃ ተናገረ። አሁን የልጅ ልጆቹ በማመልከቻ ሊናገሩ ይፈልጋሉ። አንድ አባት ልጁን «እዚያ ማን አለህ?» ማለቱን ትቶ «ለፈተናው ተዘጋጅተሃል?» ያለ ቀን፣ የፌደራል መንግሥት ቢቸና ደረሰ ማለት ይቻላል።