ጥራት

«ጥራት» የመጣው «ጠራ» ከሚለው ግስ ነው፤ ሰማይ ይጠራል፣ የደፈረሰ ውሃም ይጠራል። ቃሉ ዛሬ የዕቃን ደረጃም ስለሚገልጽ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሲመዘን ሁለቱ ፍቺዎች ይደባለቃሉ፤ ፍርድ የሚዛባውም እዚህ ላይ ነው። ቀጭኑን ድምፅ ከልክ በላይ ያጎላ ማዳመጫ የጸናጽሉን ሽክሽክታና የዘፋኙን «ሰ» አጉልቶ ስለሚያሰማ መጀመሪያ ላይ የጠራ ይመስላል። በገናው ግን ግርማውን ያጣል፣ ጆሮም ቶሎ ይሰለቻል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ማዳመጫ እስከ ዛሬ እንደ ማመሳከሪያ የሚታየው፣ በተለይ የሰው ድምፅ የሚያርፍበትን መካከለኛ ክልል ሳያዛባ ስለሚያቀርብ ነው። ይህ ታማኝነት ነው፤ ጥራት ስንል ልንጠይቀው የሚገባውም እሱን ነው።

«ጣዕም እንደየሰዉ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ሆኖም የድምፅ ተመራማሪው ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ በሃርማን ኩባንያ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ አድማጮች የምርቱን ስም ሳያውቁ ሲያዳምጡ የአብዛኞቹ ምርጫ ተቀራራቢ ሆኗል፤ ጎልቶ የታየው ልዩነት በወፍራሙና በቀጭኑ ድምፅ መጠን ላይ ነበር። ደግሞም በጥቂቱ ጮክ የሚለው ማዳመጫ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ስለሚመስል፣ ስለ ጣዕም ከመከራከር በፊት የሚነጻጸሩትን ሁለት ማዳመጫዎች የድምፅ መጠን እኩል ማድረግ ያስፈልጋል።