ሾተላይ

እዚህ ዱከም የመጀመሪያ ልጇ አድጎላት ተከታዮቹ የሚሞቱባትን ሴት ሰፈሩ ምን እንደሚላት ታውቃላችሁ፤ «ሾተላይ አለባት»። ጥፋቱ የእሷ ብቻ ይሆናል። ድሮ ደብተራ ቁመቷን በሚያህል ብራና ጸሎተ ሱስንዮስን ይጽፍላትና በቆዳ ተሰፍቶ አንገቷ ላይ ይታሰር ነበር። ጸሎቱ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ እንዴት ድል እንደነሣት ይተርካል።

እኔ በዚህ አልስቅም። የጥንቶቹ አስተውለዋል፦ የመጀመሪያው ይተርፋል፣ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱ የተገለጠው ላንድስታይነርና ዊነር እ.ኤ.አ. በ1940 አር ኤች የሚባለውን የደም ዓይነት ካስታወቁ ወዲህ ነው። እናት ኔጌቲቭ ሆና ፅንሱ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በወሊድ ጊዜ ደሙ ወደ እሷ ሲገባ ሰውነቷ አንቲቦዲ ይሠራል፤ እሱም ቀጣዩን ፅንስ ያጠቃል። ፖዘቲቩ ታዲያ ከአባት የመጣ ነው (ይህን ለአማቶች ንገሩልኝ)።

መርፌው እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አለ። ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ሲያስወርዳትም እንዲሁ ሐኪም መጠየቅ አለባት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሚደጋገም ውርጃ ግን ሌሎች ብዙ ምክንያቶች አሉ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ሁለተኛ ልጅ እየሞከራችሁ ያላችሁ፣ የደም ዓይነታችሁን ታውቁታላችሁ? መርፌው የሚሠራው አንቲቦዲው ሳይፈጠር በፊት ብቻ ነው።